መብራቱ ያልሰማው በገና

አባቴ በገና ሲደረድሩ ማጨብጨብ ነውር ነበር። ይህን ማንም አስቀምጦ አላስተማረኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጠላ ማጣፋትንስ ማን አስተማረኝ? ሁዳዴ በገባ ቁጥር ጎረቤት ቤታችን ይሰበሰባል፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይስባሉ፣ አባቴ ያን ትልቅ በገና ታቅፈው ይቀመጣሉ። ሲጨርሱ ማንም ትንፍሽ አይልም። ዝም ይባላል፤ ረጅም ዝምታ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ዝማሬ መላእክት ያሰማልን" ይላሉ፣ ሰውም ወደየቤቱ ይሄዳል። ዝምታው የረዘመ እንደሆነ አባቴ ሳምንቱን ደስ ብሏቸው ይሰነብታሉ። ያጠረ እንደሆነ በማግሥቱ አውታራቸውን ሲፈትሹ ይውላሉ።

ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከፊት የሚቀመጡት የክርስትና እናቴ ነበሩ። ጆሯቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የከበደ ነው፤ የበገና ድምፅ ደግሞ ወፍራምና ዝቅ ያለ ስለሆነ ደኅና ጆሮ ያለውም ተጠግቶ ነው የሚሰማው። እሳቸው የአባቴን ጣት እያዩ ያለቅሱ ነበር። ልጅ ሆኜ ሳይሰሙ የሚያለቅሱት ለይሉኝታ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ጣት ነው መታጠፍ የጀመረው። የመንዝ ብርድ ለማንም አይራራም፤ ዕድሜ ልኩን እርፍ ጨብጦ፣ በውርጭ ገብስ ሲያጭድ ለኖረ እጅማ ጭራሽ አይራራም። ቁርጥማቱ መጀመሪያ ትንሿን ጣት ያዘ፣ ቀጥሎ ጎረቤቷን። ጧት ጧት እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እስኪፈታላቸው ይጠብቃሉ። ቀስ በቀስ ከሚያውቋቸው መዝሙሮች ጣት የሚያበዙት ቀሩ። አንዱን እወደው ነበርና ለምን እንደተዉት ብጠይቃቸው "እሱማ ሄደ" አሉኝ፣ ስለ ሞተ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ። በገና ያስተማሯቸው አጎታቸው፣ የደብራችን ቄስ፣ ካረፉ ቆይተዋል። ከአባቴ የተቀበለም የለም። እኔ አንድ ሁዳዴ ሙሉ ሞክሬ ነበር፤ እጄ ለስፌት እንጂ ለአውታር አልሆነም። ስለዚህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጣታቸው ጨርሶ ሳይታጠፍ፣ ድምፃቸው ካሴት ላይ ቢቀርልኝ።

ዘመሮ ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። አጠገቤ ያለው ሻይ ቤት ቴፕ ነበረው፤ ለምኜ ተዋስኩና ቤት ወስጄ ሞከርን። የተቀዳውን ስንከፍተው በገናው ጣሳ ውስጥ የተዘጋ ጢንዚዛ ሆኗል፣ የአባቴ ድምፅ ደግሞ ከወንዝ ማዶ የሚጣሩ ይመስላል። አባቴ ጥቂት ሰሙና "ይሄን ሰውዬ አሞታል እንዴ?" አሉ። ተሳሳቅን። እኔ ግን ቴፑን ስመልስ መንገዱን ሙሉ የተሻለ መቅጃ ከየት እንደማገኝ ሳስብ ነበር።

በዚያን ዘመን ባህል የሚባለው ነገር ድንገት ተፈላጊ ሆኗል። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ የማዳበሪያ ስብሰባ እንኳ በባህል ጭፈራ ነው የሚከፈተው። አንድ የገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ የታሰረባት መኪና ከተማዋን እየዞረች ለፈፈች። ከፋሲካ በኋላ የባህል ሙዚቃ ውድድር አለ፤ ዳኛው ራሱ ሕዝቡ ነው፤ አሸናፊው ከአዲስ አበባ በመጣ ዘመናዊ መቅጃ ይቀዳል፣ ካሴቱም በእጁ ይሰጠዋል። መቀሱን አስቀምጬ ተነሣሁ። የምሰፋላት ሴትዮ "ወዴት ነው?" ብትለኝ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

አባቴ አሻፈረኝ አሉ። "በገና ከማሲንቆ ጋር ይወዳደራል? ጸሎት ነው እኮ፣ ልጄ። ዳዊት ለሽልማት ደረደረ ሲባል ሰምተሻል?"

"ለመወዳደር አይደለም አባባ፣ ለመቀዳት ነው" አልኳቸው።

"ካልተቀዳሁ ምን ይቀርብኛል?"

"እርስዎ ምንም አይቀርብዎትም። እኔ ነኝ የሚቀርብኝ።"

እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው አዩት። "የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" አሉና ከበገናው ላይ አቧራ መጥረግ ጀመሩ። እሺ ማለታቸው ነው።

ዳሱ የተሠራው ገበያው ዳር፣ በባሕር ዛፍና በሸራ ነው። ዳሱ የማይበቃው ሰውም እንዲሰማ ዳሱ ውስጥም ውጭ ሜዳው ላይም ሞንታርቦዎች ተደርድረዋል፤ እግሩ የማይችል ደጁ ላይ ሆኖ ይሰማል ተባለ፣ እውነትም ተሰማ። መድረኩ ላይ አንድ ረጅም ጣውላ ቆሟል። ጣውላው ላይ አምፖሎች ከታች ወደ ላይ ተሰልፈዋል፤ ከታች አረንጓዴ፣ መሐል ላይ ቢጫ፣ አናቱ ላይ ቀይ። ከጣሪያው ደግሞ ወደ እኛ የዞረ ማይክ ተንጠልጥሏል። ከአዲስ አበባ የመጣው የድምፅ ባለሙያ፣ ብርዱ አፍንጫውን ያቀላው ወጣት፣ ነገሩን አስረዳን።

"ዛሬ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዳኛ የለም። የወደዳችሁትን አጨብጭቡለት፣ እልል በሉለት። ድምፃችሁ ሲበረታ መብራቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ብሎ ያበራለት ሰው አሸናፊ ነው።"

ሰው ተደሰተ። እኔም ብሆን ተደስቻለሁ፤ አሁን ዞሬ ጥንቱንም አልወደድኩትም ብል ውሸት ነው። የእኛ አገር ሰው ስብሰባ ተጠርቶ፣ ተነግሮት ነው የሚመለሰው። ምን ትወዳለህ ተብሎ በመብራት ሲጠየቅ ያ የመጀመሪያው ነው። ባለሙያው "እስቲ እንሞክረው" ሲል ውጭ የታሰረች አህያ ቀድማን አናፋችና ቢጫው ድረስ በራላት። "በቃ አሸነፈች፣ ቅዷት" አለ አንዱ። በሳቃችን ቀዩ በራ።

ከዚያ ተጀመረ። ማሲንቆ ነበር፣ ዋሽንት ነበር፣ የሠርግ ዘፈን የሚያወርዱ ሴቶች ነበሩ። ሰዉ ነገሩ ገብቶታል። አረንጓዴው ላይ የቆመ እንደሆነ "ግፉ! ግፉ!" እየተባባለ ያጨበጭባል፤ ቢጫው ሲበራ ልጅ የተወለደ ያህል እልል ይላል። አንድ ፎካሪ ዘንግ ይዞ ወጣና ዳሱን ቀወጠው፤ ወንዱ ሁሉ ተነሥቶ ተቀበለው፣ ቀዩ አምፖል አናቱ ድረስ በርቶ ቆየ። እኔም አጨበጨብኩ። ከእሱ በኋላ አባቴ ነበሩ።

አባቴ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ መብራቱ ከጀርባቸው ሆነ። ጣታቸውን አንድ በአንድ እፍ አሉበት። ባለሙያው የመድረኩን ማይክ ወደ በገናው ገበቴ አስጠጋላቸውና ወደ ኋላ ተመለሰ። የደረደሩት አጎታቸው ያስተማሯቸውን፣ ጎተራውን ሞልቶ ገና ሳይቀምሰው ስለተጠራ ገበሬ የሚናገረውን ነው። የታጠፈችው ትንሿ ጣት መንካት ያለባትን አውታር ሌላዋ ጣት ደርባ ትነካላት ነበር። ያን ያወቅነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር።

ያ ከመደባችን አልፎ የማያውቅ ድምፅ ሜዳውን ሞላው። በእግሬ ሥር መሬቱ ሲነዝር ይሰማኛል። ጢንዚዛ የለም፣ ጣሳ የለም፤ አባቴ ራሳቸው ናቸው፣ ትንፋሽ ሲስቡ ሳይቀር ይሰማል። የክርስትና እናቴ ከአንዱ ሞንታርቦ ሥር አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። "ሰማሁት" አሉኝ። "ዕድሜዬን ሁሉ ጣቱን ሳይ ኖሬ፣ ዛሬ ሰማሁት።" እንባቸው ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ። ይህን ያመጣውን ሽቦ ሁሉ በልቤ መረቅሁት።

የመጨረሻዋ አውታር ነዝራ ነዝራ ዝም አለች። ሰውም ዝም አለ።

ወንዶቹን አየሁ፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ስበዋል። ውጭ ያለው ሰው እንኳ ዝም ብሏል፤ አህያዋም ብትሆን አላናፋችም። እንደዚያ ያለ ዝምታ ቤታችንም ሰምቼ አላውቅም። መብራቱን አየሁ። ጨለማ ነው። ጄኔሬተሩ ሲያንገራግር የታችኛዋ አረንጓዴ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ባለሙያው ወደተንጠለጠለው ማይክ ቀና አለ፣ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገው። የተበላሸ መስሎታል።

እጄን አነሣሁና አጨበጨብኩ። ብቻዬን። ድምፁ ለራሴ አስጠላኝ፣ ግን አንዲት አረንጓዴ በራች፣ ስለዚህ ደገምኩ። የክርስትና እናቴ እጄን ያዙት። "ምነው ልጄ፣ ጸሎት ላይ?" አሉ ቀስ ብለው። በዙሪያዬ ያሉት ሴቶች ዘወር ብለው አዩኝ። አባቴም ከመድረኩ ቀና ብለው አዩኝ፤ ልጅ ሳለሁ ቅዳሴ ላይ ስስቅ ያዩኝ የነበረውን አስተያየት ነው ያዩኝ። እጄን ነጠላዬ ሥር ከተትኩት። ልጮህ ፈለግሁ፣ "አጨብጭቡ፣ ጣታቸው ሊያልቅ ነው" ልል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ግን እነዚያ ሰዎች ዝም አይነቅዝም እየተባሉ ያደጉ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ መሐል ነው ያደግሁት፤ አፌን ማን ይክፈተው?

የመድረክ መሪው ትንሽ ጠበቀና "እሺ፣ ይሄኛው ብዙም የተወደደ አይመስልም፤ ቀጣዩን እንጥራ" አለ። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳለ ያልገባቸው ይመስል ተያዩ።

ፎካሪው አሸነፈ። የውጭዎቹ ሞንታርቦዎች ተነቅለው ነበርና ስሙ የተጠራው ዳሱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ዳሱ እንደገና ተቀወጠ፣ ቀዩ እንደገና በራ። የክርስትና እናቴን ጆሯቸው ላይ ተደፍቼ ለአባቴ ለምን እንዳላጨበጨቡ ጠየቅኋቸው። ንዴቴ ሳይታወቅብኝ አልቀረም።

"ለእሱ ይጨበጨባል እንዴ?"

"መብራቱ በጭብጨባ ነው ተባለ እኮ፣ እማማ። ሲነገር ነበሩ።"

"ይህን ያህል የሚያውቅ ዕቃ፣" አሉ፣ "ዝምታን የማያውቅ አልመሰለንም።"

አባቴን ዳሱ ውስጥ ብፈልጋቸው የሉም። ውጭ ወጣሁ። መቅጃው ተጭኖበታል የተባለው መኪና አጠገብ ቆመዋል፤ በገናውን በጨርቅ ጠቅልለው ደገፍ አድርገውታል፣ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"በየት በኩል ነው የሚገባው?" አሉኝ። "ጣቴ ሳይቀዘቅዝ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። ሰው እንዴት እንደሰማ አየሽ? እንደዚያ ተሰምቶልኝ አያውቅም።"

ምን ልበላቸው? ተጨበጨበልዎት ልበል፣ አልተጨበጨበም ልበል? ያን ጊዜ ባለሙያው ሽቦ እየጠቀለለ መጣ። ዘልዬ ያዝኩት።

"ወንድሜ፣ እባክህ፣ አንዷን ብቻ ቅዳልኝ። አንዷን።"

"እኔ ብሆን ደስ ባለኝ፣ እህቴ። ካሴቱን የያዘው ሰውዬ ሌላ ነው፣ ለአሸናፊው ብቻ ተብሏል። መኪናውም አሁኑኑ ወደ ራቤል ይሄዳል።" አባቴን አያቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቴን ነው የምልሽ፣ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት ስንመጣ..."

"እጃቸውን እየው" አልኩት። "ይሄ እጅ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል?"

አየው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ የምረግመው አገኝ ነበር።

አባቴ ሁሉንም ሰምተዋል። እጃቸውን ከብብታቸው አወጡና በገናውን ተሸከሙ። "ፎካሪው ነው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "ጥሩ ጉሮሮ አለው" አሉ። ከዚያ በኋላ ቤታችን እስክንደርስ የተነጋገርነው ስለ በጎቹ ነው፤ ከአውድማው በታች ያለው ሣር እንዳለቀ፣ ወደ ላይ መውጣት እንዳለባቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ አልመጣም። ቀየት ከተማ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ሰማን፣ ወሬ ሆኖ ቀረ። አባቴ ሁለት ጣት ብቻ በሚፈልጉት መዝሙሮች ጥቂት ሁዳዴዎችን ገፉ። ከዚያ በገናው ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ከበግ አንጀት ራሳቸው የገመዷቸው አውታሮች እየላሉ ሄዱ። አንድ የክረምት ጧት ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። አንደበታቸውም አብሮ ሄደ። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፣ አይተው መለሷቸው።

ስልክ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከጉብታው ላይ ብቻ ይሰማል ተባለ፣ ከዚያ ምሰሶው ተተከለና እያንዳንዱ ቤት ገባ። አሁን ማን ያልተቀዳ አለ? ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከሚያየው ስልኩን የሚያየው ይበዛል። በግ ሲታረድ ይቀዳል፣ ዕድር ሲጣላ ይቀዳል። የክብረ በዓሉ ዝማሬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለማይችሉ አሮጊቶች በስልክ ይደርሳቸዋል፤ ይሄ ደግ ነገር ነው፣ አልክድም። እኔም ገዛሁ። ያኔ በመኪና ተጭኖ የመጣው ሁሉ መቀነቴ ውስጥ ገባ። አባቴ ፊት ይዤው ስቀመጥ ግን የምቀዳው አልነበረኝም።

አንድ የሁዳዴ ከሰዓት አባቴ ባና ለብሰው ተጋድመው ሳለ ግራ እጃቸው ስትንቀሳቀስ አየሁ። በገና የሚመታው በግራ እጅ ነው። የተጣመሙት ጣቶች የባናውን ዘርፍ አንድ በአንድ ይነካሉ፣ ይዘላሉ፣ ይመለሳሉ። ሕመሙ የሚያንቀሳቅሳት መስሎኝ ልይዛት ነበር፤ ከዚያ ትንሿ ጣት ተራዋ ሲደርስ ሌላዋ ደርባ ስትነካላት አየሁ። ስልኩን አውጥቼ ቀዳሁት። ለምን እንደቀዳሁት አላውቅም። በዚያው ዓመት፣ ገብሱ ሳይታጨድ፣ አረፉ።

ሁዳዴ ተመልሶ መጣ። የክርስትና እናቴ እግራቸውም እምቢ ብሏቸው ከቤት መውጣት ትተዋል፤ ጆሯቸው ደግሞ ጨርሶ ተደፍኗል። ልጠይቃቸው ሄድኩ። የምናወራው በእጅ ምልክት ነው፣ እሱም ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅብን ስልኩን አወጣሁና ያን የቀዳሁትን የአባቴን እጅ አሳየኋቸው።

በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደጃፉ ብርሃን ዞሩ። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩ። ቀጥሎ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። "ጎተራውን ሞላ" አሉ፣ ደንቆሮ እንደሚናገረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ጣቶቹን እየተከተሉ ትንሽ ቆዩና "ይኸው፣ አሁን ነው የሚጠራው" አሉ። ደንግጬ "እማማ፣ ምን ይላል?" ብዬ ክንዳቸውን ነካሁ። እጃቸውን አንሥተው ዝም በይ አሉኝ።

ሲያልቅ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ተነሥቼ ልሂድ ብል ነውር ነው፤ ቁጭ አልኩ። ረጅም ጊዜ ዝም አልን።

በኋላ ብቻዬን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደገና ከፈትኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። ጆሮዬ ደኅና ነው። ነፋስና የጎረቤት ዶሮ ነው ያለው።